ከካሜራው በፊት ደቂቃውን፦ በወሎ ከተሞች የሱቅና የመጋዘን ጥበቃ አማራጮች ሲነጻጸሩ

ደሴ ውስጥ ካሜራና ማንቂያ ደወል መግጠም ከጀመርኩ ወዲህ ነጋዴው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «አራት ካሜራ ስንት ይፈጃል?» እኔም መልሼ የምጠይቀው አንድ ነው፤ «የሱቁን የኋላ ግድግዳ ልየው?» አንዳንዱ ይገረማል፣ አንዳንዱ ጊዜ የማባክንበት ይመስለዋል። ይህን ጥያቄ የተማርኩት ግን በሰው ኪሳራ ነው።

ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ከተደረደሩ ሱቆች በአንዱ፣ የሞባይል መሸጫ ውስጥ አራት ካሜራ ገጠምኩ። ምስሉ ጥሩ ነበር፤ ባለቤቱም ደስ ብሏቸው መርቀው ሸኙኝ። ወር ሳይሞላ ሌሊት ተዘረፉ። ሌቦቹ በበር አልመጡም። ተከራይ ያልገባበትን የጎን ሱቅ ከፍተው፣ ኮርኒሱን ቀደው፣ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሃል ተስበው የሳቸውን ኮርኒስ ረግጠው ወረዱ። ጠዋት ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብለን ቪዲዮውን አየን። ሁለት ሰዎች ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ፣ ሳይቸኩሉ መደርደሪያውን አራቆቱት። በደሴ ብርድ ሌሊት ደግሞ ጋቢ የተከናነበ ሰው ማንንም አያስደነግጥም። ካሜራው የታዘዘውን ሠርቷል፤ ግን ማንንም አልጠራም፣ ማንንም አላዘገየም። «ልጄ፣ ይኸን ለማየት ነው ያን ሁሉ ብር ያወጣሁት?» ያሉኝ ቃል እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የጥበቃ ዘዴ የማወዳድረው በሁለት ቁጥሮች ነው። አንደኛው፦ ሌባው ከመጀመሪያው ድምፅ ጀምሮ ዕቃው ጋ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ሁለተኛው፦ ያን ድምፅ የሰማ ሰው ደጃፉ ላይ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? የመጀመሪያው ቁጥር ከሁለተኛው ካነሰ፣ ያ ሁሉ ወጪ ለጠዋት ማስረጃ ብቻ ሆነ ማለት ነው። በር፣ ግድግዳና ካዝና የመጀመሪያውን ቁጥር ያሳድጋሉ። ማንቂያ ደወልና ዘበኛ ሁለተኛውን ያሳንሳሉ። ካሜራ ለብቻው ሁለቱንም አይነካም። ካሜራ እየሸጥኩ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ መጀመሪያ ብየዳ ቤት ሂዱ እላለሁ።

በር፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ

የእኛ ከተሞች ሱቆች በሮች ባብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ወደ ላይ የሚጠቀለለው ሮሊንግ ሻተር እና በብረት ፍሬም ላይ የተበየደ የላሜራ በር።

ሮሊንግ ሻተር ለመክፈትና ለመዝጋት ይመቻል፣ ቦታ አይይዝም፣ ሲነካም ይጮኻል። ጩኸቱ ጥቅም ነው። ድክመቱ መሃሉ ላይ ብቻ ሲቆለፍ ነው፤ ያኔ አንዱን ጎን በድጅኖ ከፍ አድርጎ ሰው ማሾለክ ይቻላል። ስለዚህ ከታች በግራና በቀኝ፣ ወደ ወለሉ ወይም ወደ ጎን ሐዲዱ የሚገባ መቀርቀሪያ ከሌለው አትመኑት። ሐዲዱም በግድግዳው ውስጥ የተቀበረ እንጂ ላዩ ላይ በቡሎን የታሰረ መሆን የለበትም።

የላሜራ በር ጥንካሬው ከላሜራው ውፍረት ይልቅ በማጠፊያውና በመቃኑ ነው። ማጠፊያው በውጭ በኩል ከሆነ ሌባው ቁልፉን ትቶ ማጠፊያውን ይቆርጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። በማጠፊያው በኩል፣ በሩ ሲዘጋ ወደ መቃኑ የሚገባ ሁለት ሦስት አጭር የፌሮ ብረት አስበይዱ። ማጠፊያው ቢቆረጥ እንኳ በሩ አይወጣም። ለአንድ በያጅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከማውቃቸው የጥበቃ ወጪዎች ሁሉ ለብሩ ይህን ያህል የሚመልስ የለም። ጓጉንቸሩም ክፍት ተንጠልጥሎ ከታየ በባትሪ ግራይንደር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይቆረጣል። ቁልፍ የያዘ እጅ ብቻ በሚያስገባ የብረት ሳጥን ውስጥ ተሸፍኖ እንዲቀመጥ አድርጉ። ውድ ጓጉንቸር ገዝቶ ያለ ሳጥን ከማንጠልጠል፣ መካከለኛውን ገዝቶ ሳጥን ማሠራት ይሻላል።

አሁን ወደ ኋላ ግድግዳው። በደሴም፣ በወልድያም፣ በሐይቅም የድሮዎቹ ቤቶች ጭቃና እንጨት ናቸው፤ ፊታቸው በብሎኬትና በቀለም ቢያምርም ጀርባቸው እንደ ነበረ ነው። ጭቃ ግድግዳ ላይ ከባድ በር መግጠም ሌባውን ወደ ጓሮ መላክ ነው። ዝናብ በሚያንጎደጉድበት የክረምት ሌሊት የቆርቆሮው ድምፅ ሁሉን ስለሚውጠው ግድግዳው ሲፈረስ ጎረቤትም አይሰማም።

እዚህ ላይ ነው ባለቤትና ተከራይ መለየት ያለባቸው። ቤቱ የራሳችሁ ከሆነ የኋላውን ግድግዳ በብሎኬት አሠሩት፤ ዘላቂው መፍትሔ እሱ ነው። ተከራይ ከሆናችሁ ግን የሰው ግድግዳ ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። በዚያ ፋንታ ሱቁ ውስጥ ከብረት ፍሬምና ከወፍራም ፍርግርግ የተሠራ፣ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ውስጠኛ ክፍል አሠሩ። ሞባይሉ፣ ወርቁ፣ ውድ መለዋወጫው ማታ ማታ እዚያ ይገባል፤ ጨርቅና ሳሙናው ውጭ ይቀራል። ከላይም ከታችም ፍርግርግ ይኑረው፤ በቡሎን ተያይዞ የሚፈታ ከሆነ ደግሞ ቤት ስትቀይሩ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ብዙ ሰው ሱቁን በሙሉ ምሽግ ለማድረግ ይሞክርና የትኛውም ጎን ሳይጠነክር ገንዘቡ ያልቃል። እኔ በኪራይ ቤት ላሉት ሁሉ የምመክረው ይህን ውስጠኛ ክፍል ነው።

ስለ ጣሪያው የምለው ከላይ የነገርኳችሁ ታሪክ ነው። ወንበር ላይ ቁሙና ኮርኒሱን ገልጣችሁ በእጅ ባትሪ እዩ። የሚለያያችሁ ግድግዳ እስከ ቆርቆሮው ካልደረሰ፣ የጎረቤታችሁ በር የሱቃችሁም በር ነው። ከጎረቤቶቻችሁና ከአከራያችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ብሎኬቱን እስከ ቆርቆሮው አስጨርሱ። ካልተቻለ ከኮርኒሱ በላይ የፌሮ መረብ አስበይዱ።

ሰው፦ የግል ዘበኛ፣ ኤጀንሲ ወይስ የጋራ ጥበቃ?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎ ወስኖታል። አሁን አስሉት። ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በሳምንት ሰባት ሌሊት፣ 84 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ «አንድ ዘበኛ አለኝ» የሚል ነጋዴ በሕግም በሰው አቅምም ግማሽ ዘበኛ ነው ያለው። ሌሊት ሌሊቱን ብቻ ለመሸፈን ሁለት ሰው፣ ቀንና ሌሊት ከሆነ 168 ሰዓቱ ለ48 ሲካፈል ሦስት ተኩል፣ ማለትም አራት ሰው ያስፈልጋል። ሰባቱንም ሌሊት አንድ ሽማግሌ አቁሞ፣ ቀን ደግሞ ሌላ ሥራ እንዲሠሩ የሚተዋቸው ሰው፣ ሌሊት ቢያሸልቡ ሊቆጣ አይገባውም።

ለአንድ ትንሽ ሱቅ ሁለት ሰው መቅጠር አያዋጣም። ለዚህ ነው በአንድ መስመር ላይ ያሉ ሱቆች ገንዘብ አዋጥተው የጋራ ጥበቃ የሚይዙት። እኔ ለሱቅ መስመር የምመርጠው ይህንን ነው፤ ሁለተኛውን ቁጥር ከምንም በላይ የሚያሳንሰው እዚያው ያለ ሰው ስለሆነ። ችግሩ ግን የሁሉም የሆነ ዘበኛ የማንም ሳይሆን መቅረቱ ነው። አንድ ተጠሪ ሰይሙ፤ ዘበኛው በየሁለት ሰዓቱ ሚስድ ኮል ያድርግለት፤ ኃላፊነቱን በወረቀት ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ክፍያውም በየወሩ አንድ ቀን ላይ ይሰብሰብ። አንዱ ሲከፍል ሌላው ሲያዘገይ የዘበኛው ደመወዝ ይዘገያል፤ በጎደለ ደመወዝ ታማኝነት መጠየቅ ደግሞ ግፍ ነው።

ኤጀንሲ የሚሻለው መጋዘን፣ ሆቴልና ግቢ ሰፊ ለሆነ ድርጅት ነው። ሰው ሲታመም ምትክ ይልካል፤ ጉዳት ቢደርስ የሚጠየቅ አካል አለ። ውሉን ስታነቡ የሚከፈለውን ጠቅላላ ገንዘብ ብቻ አትዩ፤ ከዚያ ውስጥ ለጥበቃው ሠራተኛ የሚደርሰው ስንት እንደሆነም ጠይቁ። ዕቃችሁን የሚጠብቀው ሠራተኛው ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ዘበኛው የሚጠራበት ነገር ይኑረው፤ ካርድ ያለው ስልክ፣ ጥሩ የእጅ ባትሪ፣ ከመቀመጫው አጠገብ ደግሞ ሳይረኑን የሚያስጮህ ቁልፍ። ባዶ እጁን ከሦስት ሰው ጋር እንዲታገል መጠበቅ አይገባም።

ሁለት ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ዘበኛን ወይም ልጅን ሱቅ ውስጥ አስተኝታችሁ ከውጭ አትቆልፉ። እሳት ቢነሳ መውጫ የለውም። ከውስጥ ቁልፍ ሳያስፈልገው የሚከፈት መቀርቀሪያ የማይቻል ከሆነ ማንም ውስጥ አይደር። ሁለተኛ፣ የደሴ ብርድ ከባድ ነው፤ ብርዱን ለማሸነፍ ተብሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ይቀጣጠላል። የከሰል ጭስ ባይታይም መርዙ ሰውን እንደተኛ ይገድለዋል። ለዘበኛው ወፍራም ካፖርትና ንፋስ የማያስገባ ግን አየር ያለው ጎጆ ሥሩለት። የምንጠብቀው ዕቃ ከጠባቂው ነፍስ አይበልጥም።

ማንቂያ ደወል

አንድ የማንቂያ ሥርዓት ሦስት ነገር አለው፤ የሚያይ፣ የሚጮህ፣ የሚደውል። የሚያየው የበር ማግኔት ወይም የእንቅስቃሴ መለያ ነው። የበር ማግኔት ርካሽ ነው፣ ብዙም አይሳሳትም፤ ግን በሩ ሲከፈት ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ግድግዳ ቢፈርስ አያውቅም። የእንቅስቃሴ መለያው የሰውነትን ሙቀት ከአካባቢው ሙቀት ለይቶ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ደሴ ላይ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በቀዝቃዛ ሌሊት ግሩም ይሠራል። ባቲ ወርዳችሁ ቆርቆሮው ሥር ያለው አየር ወደ ሰው ሙቀት ሲጠጋ ግን ዓይኑ ይደክማል። እዚያ የበር ማግኔትና የንዝረት መለያ ደርቡበት። ሌላም አለ፦ መለያው ወደ እሱ ቀጥ ብሎ ከሚመጣ ሰው ይልቅ ፊቱን አቋርጦ የሚያልፈውን ቶሎ ያያል። ከበሩ ትይዩ ከምትሰቅሉት በጎን ግድግዳው ማዕዘን ላይ ስቀሉት።

የእህል መጋዘን ያለው ሰው ድመትና አይጥ ማሰብ አለበት። መለያው በየሌሊቱ በድመት እየተነሳ ከጮኸ፣ በአራተኛው ሌሊት ጎረቤት ከአልጋው አይነሳም፤ ያኔ ማንቂያው አለ ማለት አይቻልም። በመጋዘን ውስጥ ሁለት የተለያየ ዓይነት መለያ ባንድነት ሲያዩ ብቻ እንዲጮህ ማድረግ ይቻላል፤ ወይም ከክምሩ በላይ ከሚያይ መለያ ይልቅ በሮችንና መስኮቶችን ብቻ መጠበቅ።

ባለሽቦው ወይስ ሽቦ አልባው? ለኪራይ ሱቅ ሽቦ አልባው፤ ግድግዳ አይበሳም፣ በአንድ ቀን ይገጠማል፣ ተነቅሎ ይሄዳል። ግን የየመለያው ባትሪ በዓመት አንዴ እንዲቀየር ቀን ያዙለት፤ በፋሲካ ወይም በረመዳን መግቢያ ብትሉት አይረሳም። ለራሳችሁ ሕንፃና ለመጋዘን ባለሽቦው፤ አይጥ እንዳይበላው ሽቦው በቧንቧ ውስጥ ይለፍ።

አሁን ዋናው ልዩነት የሚደውልበት መንገድ ነው፤ እዚህ ላይ የወሎ ሰው ከአዲስ አበባ ሰው የተለየ ሒሳብ ማስላት አለበት። ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት አለ፤ ሳይረን ብቻ ያለው፣ በሲም ካርድ ደውሎ የሚናገረው፣ በኢንተርኔት ወደ ስልክ መተግበሪያ መልእክት የሚልከው። ማስታወቂያው ሁሉ ስለ ሦስተኛው ነው። እኛ ግን በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ኔትወርክ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶብን ያውቃል፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በዚያ ጊዜ የኢንተርኔት ማንቂያ የገዙ ሰዎች ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጌጥ ነበራቸው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ ያለ ምንም ኔትወርክ የሚጮህ ኃይለኛ ሳይረን፤ አንዱ ውጭ ከፍ ብሎ፣ ሌላው ውስጥ። ቀጥሎ በሲም የሚደውል፤ የዳታ ጥቅል ሳይሆን ተራ ጥሪ የሚጠቀም። የኢንተርኔቱን መተግበሪያ እንደ ተጨማሪ ብቻ ውሰዱት። ሲሙ የሚደውልላቸውን ቁጥሮች ስታስገቡ የራሳችሁን ሦስተኛ አድርጉት። አንደኛ ከሱቁ አጠገብ የሚያድረው ጎረቤት፣ ሁለተኛ ዘበኛው። እናንተ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ተኝታችሁ ሱቁ ሸዋ በር ሰፈር ከሆነ ቀድሞ የሚደርሰው እናንተ አይደላችሁም።

ካሜራ

ሦስት አማራጭ አለ። አናሎግ ኤችዲ ካሜራ ከዲቪአር (ምስሉን ከሚቀዳው ማሽን) ጋር፤ አይፒ ካሜራ በኔትወርክ ገመድ ከኤንቪአር (ከራሱ መቅጃ ማሽን) ጋር፤ በዋይፋይ ወይም በሲም የሚሠራ፣ ሚሞሪ ካርድ ያለው ነጠላ ካሜራ።

ለትንሽ ሱቅ አናሎጉ ይበቃል። ርካሽ ነው፤ ሲበላሽም የትኛውም ቴክኒሻን ይጠግነዋል፤ ዕቃው ደሴም ኮምቦልቻም ይገኛል። አይፒው የሚያዋጣው ካሜራው ሲበዛና ግቢው ሲሰፋ ነው፤ በአንድ ገመድ መብራትና ምስል ያልፋል፤ ገመዱ ግን ከ100 ሜትር በላይ መሆን የለበትም። የዋይፋዩን ነጠላ ካሜራ ለድርጅት አልመክርም። ሌባው ካሜራውን ነቅሎ ሲሄድ ቅጂው ካርዱ ውስጥ አብሮ ይሄዳል። ለጊዜው፣ ለአንድ ጥግ ከሆነ ይሁን።

ከዓይነቱ ይልቅ ሰው የሚሳሳተው በሌንሱ ላይ ነው። ሻጩ «ሁሉን ያሳያል» ብሎ የ2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይሰጣችኋል። እውነት ነው፣ ክፍሉን በሙሉ ያሳያል። አይኢሲ 62676-4 የሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ግን፣ በፈረንጅ 2014 በወጣው እትሙ፣ የማናውቀውን ሰው ፊት ለይቶ ለማሳየት በአንድ ሜትር ወርድ 250 ፒክስል (ምስሉን የሚሠሩ ነጥቦች) ይጠይቃል። ባለ 2 ሜጋ ፒክስል ካሜራ ወርዱ 1920 ፒክስል ነው፤ ለ250 ስናካፍለው 7.7 ሜትር ገደማ ይመጣል። በ2.8 ሌንስ ምስሉ ይህን ያህል ወርድ የሚይዘው ከካሜራው 3 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው ሰው መሆኑ ይታያል፤ ማን መሆኑ ግን አይታይም። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያንኑ ፊት እስከ 7 ሜትር ያደርሰዋል፤ የሚያየው ቦታ ግን ጠባብ ነው። እንግዲህ ከአራት ሰፊ ካሜራ፣ ሁለት ሰፊና ሁለት ጠባብ ይሻላል፤ ጠባቦቹ አንዱ በሩ ላይ፣ አንዱ ገንዘብ መቀበያው ላይ። ከፍታቸውም ሁለት ሜትር ተኩል አይለፍ። ኮርኒስ ላይ የተሰቀለ ካሜራ የሚያየው ቆብና ጥምጥም ነው።

ገንዘብ መቀበያው ላይ ያለው ካሜራ የቀንም ጥቅም አለው። ቴሌብር ከመጣ ወዲህ «ልኬያለሁ» ብሎ የተሠራ መልእክት በስልኩ አሳይቶ ዕቃ ይዞ የሚሄድ አጭበርባሪ አለ። መድኃኒቱ በራሳችሁ ስልክ ገንዘቡ መግባቱን ማየት ነው፤ ካሜራው ደግሞ ሰውየው የቆመበትን ሰዓት ይይዛል።

ጭጋግ የደሴ ካሜራ ጠላት ነው። በክረምት ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ዓይን የማያየው የካሜራው የሌሊት መብራት፣ ኢንፍራሬዱ፣ ጭጋጉ ላይ አርፎ ተመልሶ ምስሉን ነጭ ያደርገዋል። ለደጅ ካሜራ የራሱን ኢንፍራሬድ አጥፍታችሁ፣ ከካሜራው ራቅ ብሎ በጎን በኩል የተተከለ ተራ የደጅ መብራት አብሩለት። መብራቱ ራሱ ሌባን ያስጨንቃል። ሸረሪትም ሌንሱ ላይ ድር ያደራል፤ በየወሩ በመጥረጊያ ጫፍ ማንሳት ነው።

ስለ ማስቀመጫው በአጭሩ፦ አንድ ካሜራ በሴኮንድ 2 ሜጋ ቢት ከቀዳ በቀን 21.6 ጊጋ ባይት ይወስዳል። አራት ካሜራ በቀን 86 ጊጋ ገደማ። ባለ 1 ቴራ ሀርድ ዲስክ 11 ቀን ይይዛል ማለት ነው። ዕቃ መጉደሉ የሚታወቀው በወር መጨረሻ ቆጠራ ከሆነ 11 ቀን አይበቃችሁም፤ 4 ቴራ ግዙ። ዲቪአሩን ባንኮኒው ላይ አታስቀምጡ። ያ የነገርኳችሁ የብረት ክፍል ውስጥ ወይም ኮርኒስ ሥር በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ይግባ።

መብራት። ሌባ መብራት የሚሄድበትን ሰዓት ከእናንተ በላይ ያውቃል። አራት ካሜራ፣ ዲቪአርና ራውተር ባንድ ላይ 45 ዋት ገደማ ይበላሉ። ስምንት ሰዓት ሲሆን 360 ዋት ሰዓት ነው። ለኮምፒውተር የሚሸጠው ትንሹ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባለባትሪ ሳጥን) ውስጥ ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው የሚገኘው፤ ሲሞላ 84 ዋት ሰዓት ብቻ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ቢያቆይ ነው። ባለ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ እንኳ ሌሊቱን ያደርሳል። ብሩ ለአንዱ ብቻ ከበቃ፣ ሁለት ካሜራ ቀንሳችሁ ባትሪውን ግዙ።

ሰዓቱንም አስተካክሉ። ካሜራው የሚጽፈው በፈረንጅ ሰዓትና ቀን ነው፤ 02:00 ማለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ለፖሊስ ቃል ስትሰጡ ይህ ተዛብቶ መዝገብ የተበላሸበት ሰው አውቃለሁ። እንዲሁም ካሜራ እንዳለ የሚገልጽ ጽሑፍ በሩ ላይ ለጥፉ፤ ልብስ መለኪያና ሽንት ቤት ውስጥ በጭራሽ አትግጠሙ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው ምስልም በሕግ የሚጠበቅ መረጃ ነው።

እንግዲህ የትኛውን?

ፒያሳ ወይም አራዳ ላይ በኪራይ ያለ ሱቅ፦ የብረት ውስጠኛ ክፍል፣ የጓጉንቸር ሳጥን፣ የጋራ ዘበኛ፣ ሽቦ አልባ ማንቂያ ከሳይረንና ከሲም ጋር። ካሜራ ሁለት፤ በሩና ገንዘብ መቀበያው ላይ።

ኮምቦልቻ መንገድ ዳር ያለ መጋዘን ሌላ ነገር ነው። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢርቅም ቦታው ዝቅ ያለ፣ ግቢው ሰፊ፣ ጎረቤቱ ሩቅ ነው። ድምፅ የሚሰማ ሰው ስለሌለ ሳይረን ብቻውን አይጠቅምም። እዚህ ሌባው መጋዘኑ ጋ ሳይሆን አጥሩ ላይ ሳለ መታወቅ አለበት፤ ገንዘቡ ለአጥር መብራት፣ ለሁለት የሌሊት ዘበኞችና አጥሩን ለሚያይ አይፒ ካሜራ ይሂድ። በዘበኛው ጎጆ ውስጥ ማሳያ ስክሪን ይቀመጥ። ሕንፃ ከሕንፃ የሚያገናኘው ገመድ በብርሃን የሚሠራው ፋይበር ይሁን፤ መዳብ ገመድ መብረቅ ሲወድቅ ሁለቱንም ጫፍ ያቃጥላል። የማሽኖቹም ሳጥን በሽቦ ከመሬት ጋር ይያያዝ። መኪና ጭኖ የሚወጣበት በር ላይ ደግሞ ታርጋ የሚያነብ ጠባብ ሌንስ አድርጉ፤ ከመጋዘን የሚጠፋው ዕቃ ብዙ ጊዜ በሌሊት በግድግዳ ሳይሆን በቀን በበሩ፣ በትርፍ ኩንታል ነው የሚወጣው። ለዚያ የሚረዳው ከካሜራው ይልቅ የማስጫኛ ደረሰኝና ቆጠራ ነው።

የባቲው ነጋዴ የሰኞ ገበያ ሰው ነው። እሑድ ማታ መጋዘኑ ይሞላል፣ ሰኞ ማታ ካዝናው ይሞላል፣ የቀረው ሳምንት ቀለል ይላል። ሳምንቱን ሙሉ ለዘበኛ ከመክፈል ለእነዚህ ሁለት ሌሊቶች ሁለት ሰው ያዙ፤ ሰኞ የገባውን ገንዘብም ማምሻውን ወደ ባንክ ወይም ወደ ስልክ ሒሳብ አስገቡ።

ከዚህ ስሌት ውጭ የሆነ አንድ ነገር አለ። ከጥቅምት እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ መሃል ሲወድቁ ሱቁም መጋዘኑም ፋብሪካውም ተዘርፏል። በር ያጠነከረውም ዘበኛ ያቆመውም እኩል አጣ። ያን ቀን የሚመልስ በር የለም፤ ይመልሳል ብዬ ማንንም አላታልልም። ያየሁት ልዩነት ከዚያ በኋላ ነው፤ የግዢ ደረሰኙን፣ የዕቃውን መለያ ቁጥርና የዱቤ መዝገቡን ፎቶ አንስቶ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋ ያኖረ ሰው ማን ስንት እንዳለበትና ምን እንደነበረው ያውቅ ነበር። በየወሩ ይህን አድርጉ። የመድን ውል ካላችሁም የስርቆት ሽፋኑን አንብቡት፤ እንዲህ ያለ ውል አብዛኛውን ጊዜ ጦርነትና ሁከትን አይጨምርም፤ ለተራ ስርቆትም በር ወይም ግድግዳ የተሰበረ ምልክት ይጠይቃል።

ከገጣሚው ጋር ስትዋዋሉ የዋናው ተጠቃሚ ፓስዎርድ በእጃችሁ እንዲሰጥ በውሉ አስጽፉ፤ ከሄደ በኋላ ራሳችሁ ቀይሩት። ከክፍያው አንድ አምስተኛ ያህል ለመጨረሻ አስቀሩ። ሥራው አልቋል ሲላችሁ በአንድ ምሽት ዘበኛው ሳያውቅ፣ አንድ ጎረቤት ብቻ አውቆ፣ ቆጣሪውን አጥፉና የኋላውን በር ክፈቱ። የእጅ ሰዓታችሁን ይዛችሁ ቁሙ። ሳይረኑ ከጮኸ፣ ስልኩ ከደወለ፣ የመጀመሪያው ሰው በስንት ደቂቃ እንደደረሰ ጻፉት። በማግስቱ በያጁን ጥሩና የብረቱን ክፍል ለመክፈት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ጠይቁት። የበያጁ ቁጥር ካነሰ፣ የቀረውን ክፍያ ለገጣሚው ከመስጠታችሁ በፊት በያጁ ሌላ ሥራ አለው።